ደጋ የለመደ እጅ ቆላ ሲወርድ፦ የሸዋሮቢት የአትክልት ማኅበራችን

ሸዋሮቢት ውስጥ መጀመሪያ የገደልኩት ጎመን ነው። 60 ችግኝ፣ በአንድ ቀን።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ከእናቴ ጓሮ ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ጠፍቶ አያውቅም። በ2009 ዓ.ም. ለማስተማር ሸዋሮቢት ስመደብ «ቢያንስ ጎመን አልገዛም» ብዬ ከእናቴ ጓሮ ችግኝ ነቀልኩ። በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩና በሚኒባስ ይዤው ወረድኩ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲናን ሲሻገሩ ሹራብ ይወልቃል፤ ሸዋሮቢት ሲደርሱ ደግሞ ሰው ሹራብ የሚባል ነገር ለምን እንደተፈጠረ ይረሳል። ከ2,800 ሜትር አካባቢ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ነው የሚወረደው።

በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እናቴ እንደምታደርገው አፈሩን ከፍ አድርጌ መደብ ሠራሁ፣ ተከልኩ፣ አጠጣሁ፣ ሥራ ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ አንድም የቆመ ቅጠል የለም። አከራዬ በሩ ላይ ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ ቀቅለሽ ነው እንዴ የተከልሽው?» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። እናቴ መደቡን ከፍ የምታደርገው በክረምት ውሃ እንዳይተኛበት ነው። የእሷ ጠላት ውሃና ውርጭ ነው። እዚህ ደግሞ ውሃው መተኛት አለበት፤ ጠላታችን የቀትር ፀሐይ ነው። የማውቀውን ሁሉ ገልብጬ መማር ነበረብኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው እሱን ነው። ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርድም፣ ከጎረቤት ጋር አንድ ቦታ ላይ አትክልት ለመጀመር ለሚያስብም ይጠቅማል ብዬ ነው።

ማኅበሩ የተጀመረው በቡና ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ነበር፤ የቲማቲም ዋጋ የቤት ወሬ ሆኗል። አከራዬ፣ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ሁለት ጡረተኞች፣ ገበያ ላይ የሚነግዱ እናቶች፣ እኔና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፤ በጠቅላላው 12 ቤተሰብ። ቦታውን ከቀበሌው ጠይቀን አገኘን፤ ከቦይ አጠገብ ያለ፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ባዶ ቦታ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ፌስታልና ጠርሙስ ስንለቅም ዋልን።

ቦታ ካገኘን ሁሉን ያገኘን መስሎን ነበር። ዶማ ይዘን ስንጀምር የቦዩ የውሃ አባት መጡ። ለማያውቅ፣ የውሃ አባት ማለት ገበሬው መርጦ የመስኖውን ተራ እንዲያከፋፍል፣ ሲጣሉም እንዲዳኝ ያስቀመጠው ሰው ነው። ዝም ብለው አዩንና «መሬቱን ማን ሰጣችሁ አልልም፤ ውሃውን ማን ሰጣችሁ ነው የምለው» አሉ። አፍረን ቆምን። አከራዬ «አያ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ መጀመሪያ እርሶ ዘንድ መምጣት ነበረብን» ብለው ቡና አስፈልተው ለመኗቸው። በመጨረሻ ረቡዕና ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ገበሬዎቹ ሲጨርሱ የተረፈውን ፈቀዱልን። በሌላው ቀን በበርሜልና በጀሪካን።

ስለዚህ የምትጀምሩ ካላችሁ ከዘር በፊት፣ ከአጥርም በፊት ውሃውን ጨርሱ። ማን ይሰጣል፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ቦዩን ማን ይጠርጋል። እኛ በየዓመቱ ቦይ ጠረጋ ላይ ስድስት ሰው እንልካለን። ይህን ባናደርግ ኖሮ ተራችን በመጀመሪያው የበጋ ወር ትጠፋ ነበር።

አሁን ወደ መደቡ። በበጋ መደባችን ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው፤ አንድ ስንዝር ያህል። የተቆፈረውን አፈር ዙሪያውን ጠርዝ እናደርገዋለን፣ ውስጡን በፍግና በብስባሽ እንቀላቅለዋለን። ስፋቱ ከሁለት በኩል እጅ ዘርግቶ መሐሉን የሚያስነካ፣ አንድ ሜትር ከሩብ ገደማ ነው። ውሃ ሲገባ እዚያው ይተኛል፣ ወደ ሥር ይወርዳል። ክረምት ሲመጣ ግን ይሄው መደብ ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ጠርዙን በአንድ ጎን እንከፍታለን። በመጀመሪያው ዓመት መክፈቱን ረስተን አንድ መደብ ቃሪያ በሐምሌ ዝናብ በሰበሰብን። አይ፣ ቆላ ሆኖ ውሃ ይገድላል ብሎ ማን ያስባል!

ከዚያ ጉዝጓዝ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪን ብትሉኝ የምነግራችሁ ይሄን ነው። መሬቱን አታራቁቱት። እዚህ ማሽላ ሞልቷል፤ አገዳው ተከታትፎ፣ ደረቅ ሣር፣ የማሾ ገለባ፣ ያገኘነውን በችግኞቹ መሐል እንጎዘጉዛለን። ስምንት ሰዓት ላይ እጃችሁን ባዶ አፈር ላይ፣ ቀጥሎ ጉዝጓዙ ስር አድርጋችሁ ሞክሩት። አንዱ እጅ ያስነሳል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ነው። ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም። አንድ ችግር አለው፤ ምስጥ ይወደዋል። ስለዚህ ግንዱ ድረስ አታስጠጉት፤ አንድ መዳፍ ያህል ክፍት ተዉ። ፓፓያና ማንጎ ላይ ይህ ግዴታ ነው።

ችግኝ የምንተክለው ከ11 ሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሥሩ ይረጋጋል። በማግስቱም በማሽላ አገዳ የተሠራች ትንሽ ዳስ ከላዩ ትቆምለታለች፤ ለአራት አምስት ቀን። የዘር መደቡም እንደዚሁ ዳስ አለው። ግን ዳሱን እስከመጨረሻው ማቆየት ሌላ ስሕተት ነው። በጥላ ብቻ ያደገ ችግኝ ቀጭን፣ ሰላላ ይሆናል፣ ፀሐይ ሲያይ ይደነግጣል። ከመተከሉ አንድ ሳምንት በፊት ጀምረን ዳሱን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እናነሳለን፤ ውሃውንም ቀነስ እናደርጋለን።

ወቅትን በተመለከተ ብዙ ከሰርኩ። ደብረ ብርሃን ሰው ሙቀት ይመኛል፤ እዚህ ደግሞ ቅዝቃዜውን መጠበቅ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የእኛ ወርቅ ነው። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን ሁሉም በዚህ ውስጥ መግባት አለባቸው። እኔ «ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ካለ ዓመቱን ሙሉ ቲማቲም አለ» ብዬ የካቲት ላይ ቲማቲም ተከልኩ። ተክሉ አማረ፣ ወገብ ደረሰ፣ ሚያዝያ ላይ በአበባ ተሞላ። ከዚያ አበባው በሙሉ ረገፈ፤ ጠዋት ጠዋት መሬቱ ቢጫ ይሆናል። በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ልገዛ ነበር። ነገሩ በሽታ አልነበረም። ቀን ሙቀቱ 35 ዲግሪ ካለፈና ሌሊቱም ካልቀዘቀዘ የቲማቲም አበባ አያዝም፣ ይረግፋል። አሁን ዘሩን መስከረም መጨረሻ እንዘራለን፤ ከአራት አምስት ሳምንት በኋላ እናዛውራለን፤ ጥር ላይ እንለቅማለን። ለጾሙም ይደርሳል።

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ንዳድ ውስጥ የሚችለውን ብቻ ነው የምንተወው። ቆስጣ በጥላ ስር፣ ስኳር ድንች፣ ቃሪያ፣ ሞሪንጋ። ባሚያም ሞክረን ነበር። በቀለ፣ አማረ፣ አፈራ፣ ማንም አልበላውም። መተማ የኖረ አንድ አባል ብቻ ሲያመሰግነን ከረመ። ክረምት ላይ ማሾ እንዘራለን፤ በሁለት ወር ተኩል ይደርሳል፣ መሬቱንም ያዳብራል። እንደ ባቄላና አተር ሥሩ ላይ ናይትሮጅን የሚይዝ ተክል ነው። ቀጥሎ ሽንኩርቱ እዚያ ላይ ሲገባ ልዩነቱ ያስታውቃል።

ስለ ሽንኩርት ካነሳሁ ዘሩን ሳልናገር አላልፍም። በሁለተኛው ዓመት ገንዘብ አዋጥተን ቦምቤ ሬድ የሚባለውን ዘር ገዛን። ጣሳው አዲስ ነበር፤ ሻጩም መሐላውን አላጎደለም። ዘራን፣ ጎዘጎዝን፣ አጠጣን። እዚህም እዚያም እንደ ሽማግሌ ፀጉር ብቅ ብቅ አለ። አኮረፍን፣ ተወቃቀስን፣ አንዳችን አንዳችንን «አላጠጣሽም» አልን። የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር ነው። በሙቀት ሱቅ ውስጥ አንድ ዓመት ካለፈው ብዙው ይሞታል። ከዚያ ወዲህ ዘር ስንገዛ መጀመሪያ ትንሽ ነው። 100 ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን፣ በፌስታል አድርገን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ እናስቀምጣለን። በ10 ቀን ውስጥ ከ80 በላይ ካበቀለ ቀሪውን እንገዛለን። ከ50 በታች ከሆነ ሰላም ብለን እናልፋለን። የቆጠራው ሥራ የልጆቻችን ነው፤ በጣም ይወዱታል።

አሁን ስለ ገንቦው። የሚጠይቁን ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁት ይሄንን ነውና ትንሽ ልዘርዝረው።

ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሲሆን በመሐሉ ያለው ጊዜ ይረዝማል። አንደኛው ጡረተኛ፣ ጋሼ የምንለው፣ ገንቦ መሬት ውስጥ ቀብሮ ማጠጣት እንደሚቻል ሰምቶ ነበር። ሸክላው ውሃውን በቀዳዳዎቹ ቀስ እያለ ያልባል፣ ሥሩ ወደ እሱ ይሳባል። ከገበያ አራት ትናንሽ ገንቦ ገዛን። እስከ አንገታቸው ቀበርናቸው፣ ሞላናቸው፣ በክዳን ዘጋናቸው፤ ክዳኑ ለትነትም ለትንኝም ነው። በሦስተኛው ቀን ሳያቸው ሦስቱ ግማሽ ደርሰዋል። አራተኛው ግን ጢም እንዳለ ነው። በአምስተኛው ቀንም ጢም። ዙሪያው ያለው ቃሪያ ደግሞ ጠውልጓል።

«ይሄኛው ሰንፏል» አለ ባጃጅ ነጂያችን። ቆፍረን አወጣነው። አከራዬ ሲያዩት ሳቃቸው መጣ። ገንቦውን ቤታቸው ወስደው አሟሽተውት ኖሯል። «አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ እንዴት ሥራ ይገባል ብዬ ነው እኮ» አሉ። እንዳይንጠባጠብ በዘይት አሽተው፣ በእሳት አጥነው፣ በሙያቸው አሳምረው ደፍነውታል። ምን ይደረግ፣ የጨዋ ቤት ገንቦ ሆነብን! እሱን ለውሃ መጠጫ አስቀመጥነው፤ እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ የሚቀበረው ገንቦ ያልተሟሸ ይሁን። ሲገዛም ውሃ ሞልታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ጠዋት ውጩ ረጠብ ካለ ጥሩ ነው። ውሃ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ስንጥቅ ነው።

ገንቦ ለማይገኝ ሃይላንድ አለ። የሁለት ሊትሩን ክዳን በመርፌ ሁለት ቦታ ትበሳላችሁ፣ ቂጡን ትቆርጣላችሁ፣ ገልብጣችሁ ችግኙ አጠገብ ትተክላላችሁ። ከገንቦ ያንሳል፣ ይደፈናልም። ለፓፓያ ግን በቂ ነው።

ፓፓያ ስል፣ ከገዛ ገንዘቤ ስድስት ችግኝ ገዝቼ ስድስት ጉድጓድ ውስጥ ተከልኩ። አብቦ ሲታይ አራቱ ወንድ ናቸው። የወንዱ አበባ በረጅም ዘለላ ይንጠለጠላል፣ አያፈራም። የሴቷ ግንዱ ላይ ተጣብቆ ከሥሩ ትንሽ እብጠት አለው። ከማበቡ በፊት መለየት አይቻልም፤ እለያለሁ የሚላችሁን አትመኑት። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ተክላችሁ ሲያብብ ወንዱን ቁረጡ፤ ከጠቅላላው አንድ ሁለት ብቻ ለማዳቀያ ተዉ።

ተባይ ላይ ሊቅ አይደለሁም። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ትል እዚህም አለ። አገራችን የገባው በፈረንጆቹ 2012 ነው። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጭ መንገድ ሲያወጣ ያንን ቅጠል ወዲያው ለቅሞ በፌስታል አስሮ ፀሐይ ላይ መጣል ነው፤ ብስባሽ ውስጥ አትጨምሩት። ለክሽክሽ፣ ቅጠሉን ለሚመጥጡት ትንንሽ ነፍሳት፣ የኒም ዛፍ ፍሬ ይበቃናል። ግማሽ ኪሎ ደረቅ ፍሬ ወቅጠን በ10 ሊትር ውሃ እናሳድራለን፣ እናጠልላለን፣ ትንሽ የልብስ ሳሙና ጠብ እናደርጋለን። የሚረጨው ማታ ነው። ፀሐይ ኃይሉን ያጠፋዋል፤ ጠዋት ረጭታችሁ «አይሠራም» እንዳትሉ። ቂጡ የጠቆረ ቲማቲም ግን ተባይ አይደለም። ውሃ አንድ ቀን ሲንበሸበሽ፣ አንድ ሳምንት ሲጠፋበት የሚመጣ ነው። እሱን ስናይ የምንፈልገው ተራውን የዘለለውን ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው ማኅበር የሚፈርሰው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ጀሪካን ግን ሎሚ አይደለም። 20 ሊትር ከበርሜል እስከ መደቡ ማመላለስ ሁለት ሳምንት ያስደስታል፤ በሦስተኛው ሰው ይጠፋል። ተራውን በቴሌግራም ግሩፕ እንጽፍ ነበር፣ ሁሉም አውራ ጣት ይልካል፣ ማንም አይመጣም። አሁን በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ያጠጣ ሰው በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ሁለት ጊዜ የዘለለ የዚያን ሳምንት ለቀማ አይካፈልም። ጨካኝ ይመስላል፤ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ፈተና ሳርም ረስቼ ቲማቲሙ ሲከፋፈል ቆሜ አይቻለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ኩርፊያ የለም።

ሌላው ያጣላን መደቡን በጋራ ማድረጋችን ነበር። የሁሉም የሆነው የማንም አልሆነም፣ አረም ወረረው። አሁን እያንዳንዱ ቤት አንድ መደብ አለው፤ የዘር መደቡ፣ ፓፓያውና ብስባሹ ብቻ የጋራ ናቸው። አጥሩ ቅንጭብ ነው፣ ፍየል አይደፍረውም። ስትቆርጡት ወተቱ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ክፉ ነው። ለጦጣ መፍትሔ አላገኘንም።

ኅዳር 2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ሁላችንም ጥለን ወጣን። እኔ እናቴ ዘንድ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ስንመለስ ወደ አትክልቱ ወዲያው የሄደ ሰው አልነበረም፤ ሌላ የሚታይ ብዙ ነበር። በስንተኛው ቀን አከራዬ ጠሩኝና አብረን ሄድን። በሩ የለም፣ በርሜሉ የለም። ቲማቲሙ ደርቆ ሲነኩት ይሰባበራል። ሽንኩርቱ አልቋል። ስኳር ድንቹ ግን ሐረጉን ዘርግቶ መንገዱን ሸፍኖታል። ሞሪንጋው ለምልሟል። ከሁለቱ የቃሪያ መደቦች ያልተጎዘጎዘው ሙሉ በሙሉ ሞቷል፤ የተጎዘጎዘው ውስጥ ግማሹ አለ። አከራዬ ተንበርክከው ጉዝጓዙን ገለጥ አድርገው አፈሩን ጨበጥ አደረጉና «ርጥበት አለው» አሉ። ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ የስኳር ድንቹን ቅጠል ቆርጠን ወጥ ሠራንበት። ቅጠሉ እንደሚበላ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ እንደ ጎመን ነው።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቤት ከመደቡ ጥግ ስኳር ድንች አያጠፋም። ማንም አላዘዘም።

አካባቢው ላይ ያላችሁና መጀመር የምትፈልጉ፣ ሐረጉን ለመስጠት አንሰስትም። ከመሬት እስከ ጉልበት በሚደርስ ርዝመት ቆርጦ፣ ግማሹን ቅጠል አራግፎ፣ ሁለት ሦስት አንጓ አፈር ውስጥ አጋድሞ መቅበር ብቻ ነው። ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ እዚያው ነን። እርጥብ ጆንያ ይዛችሁ ኑ፤ ጠዋት ግን አትምጡ፣ ጠዋት የነቀልነው እንደ እኔ ጎመን ነው የሚሆነው።